«ከዚያስ?» የምትለው ሴት

መምህር ሽበሺ ተረት የሚነግረው ለሕዝብ ነው ይባላል እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር አርባ ዓመት ሙሉ የነገረው ለአንዲት ሴት ነው፤ ለሚስቱ ለከበቡሽ። ትምህርት ቤት ግቢ ቢሆን፣ ሠርግ ቤት ቢሆን፣ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ደግሞ በየእሑዱ ሐይቅ ዳር ካለው ሆቴል አትክልት ቦታ፣ እሷ ሕፃናቱ መሀል ቁጭ ትላለች። እሱ ነገሩን ጫፍ ላይ ያደርስና ዝም ይላል። እሷ «ከዚያስ?» ትላለች። ያን ጊዜ ይቀጥላል። ካላለች አይቀጥልም፤ ተረት ተቀባይ ከሌለው ወደፊት አይሄድም ብሎ ያምናል፣ አባቱም እንደዚያው ነበሩ። አንድ ጊዜማ ተኳርፈው ሳለ ሆን ብላ ዝም ብላው፣ ሰው ፊት እንደ ጅብራ አስገትራዋለች። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ አይጣላትም።

የመርሳት በሽታ ከያዛት ሁለት ዓመት ሆናት። መጀመሪያ ቁልፍ ያስቀመጠችበት ጠፋት፣ ቀጥሎ የቤቷ መንገድ፣ ቀጥሎ የልጇ የሄራን ስም። ከፋሲካ ወዲህ ጭራሽ አንደበቷ ተዘጋ። ሐኪሙ «ከእንግዲህ ትናገራለች ብለው አይጠብቁ» አለው። ሽበሺ ግን ጠበቀ። ቤት ውስጥ ተረት ነግሯት ዝም ስትለው፣ ጥፋቱ የቤቱ ነው አለ። ሰው ሲሰበሰብ፣ ሕፃናቱ ሲንጫጩ ያቺን ቃል ትላታለች። ከዚህ ዓለም ቋንቋ ሁሉ አንዲት ቃል ብትቀራት እሷ ናት የምትቀራት።

«አባዬ፣ ተዋት፤ ራስህን ነው የምትጎዳው» አለችው ሄራን፣ እናቷን ነጠላ እያለበሰች።

«አንቺ ዝም ብለሽ ባጃጁን ጥሪ» አላት። ከአፉ ሲወጣ ግን ልመና ነበር የሚመስለው።

የሆቴሉ አስተናባሪ ፊልሞን ማይኩን እያቀበለው፣ «ጋሽ ሽበሺ፣ ዛሬ እንግዳ ብዙ ነው፤ አጠር ያድርጉልን» አለ። ሽበሺ መቼ ሰማው። ከበቡሽን ፊት ለፊቱ፣ ሕፃናቱ መሀል አስቀመጠ። የመረጠው የጅቡን ሙሽራ ተረት ነው፤ ስንት ጊዜ ሰምታው ሁሌ የምትፈራውን። ወላጆች ስልካቸውን ደቀኑ።

ድምፁ እንደ ጎረምሳነቱ ሆነለት። ሰው መስሎ የመጣ ጅብ ያገባችውን ልጅ ተረከ፤ የባሏን ማንነት ስታውቅ፣ ወንድሞቿ ሩቅ ሲሆኑባት፣ ሮጣ ገብታ በሩን ስትዘጋ። «ጅቡም እጁን በሩ ላይ አሳረፈ» አለና ዝም አለ።

ከበቡሽ አየችው። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። «በይ» አላት በሆዱ፣ «በይ እንጂ የኔ እመቤት።» ከንፈሯ ተመልሶ ገጠመ። እሱም አሁንም ጠበቀ።

ዝምታው ሲረዝም ከኋላ የተቀመጠ አንድ አባት ተረቱ ያለቀ መሰለውና አጨበጨበ። ሌሎቹ ተከተሉት፣ ሕፃናቱም ተቀበሉ። ሽበሺ እጁን አንሥቶ «ቆዩ፣ አላለቀም» ሊል ነበር። ያኔ ሚስቱን አያት። ግራ ቀኟን ተመለከተች። ሰው የሚያደርገውን አይታ፣ እሷም እጆቿን ከነጠላዋ ውስጥ አውጥታ፣ ለማታውቀው ሽማግሌ በትሕትና ታጨበጭብለት ጀመር።

ምን ያድርግ። ማይኩን አስቀመጠና እጅ ነሣት።