የሐናን የሒሳብ ፈተና

ልጅ ሳለሁ አክስቴ ዘይነባ በየዓመቱ ብርዱ ሲበረታ ከእንግሊዝ አገር፣ ከበርሚንግሃም፣ ስዊዘርላንድ ውስጥ ዙሪክ አጠገብ እስካለችው ረገንስዶርፍ ድረስ እየመጣች ትጠይቀን ነበር። ያኔ ማታ ማታ አባቴ ትልቁን መብራት አጥፍቶ የጥጉን ብቻ ይተዋል፤ እኔ ጀርባዬን ለማሞቂያው ሰጥቼ እቀመጣለሁ፤ እሷም ቅርንፉድ የሚሸት ሻይዋን ይዛ የወሎን ተረት ታወራልናለች። አሥራ ሦስት ዓመት የሞላኝ ጊዜ ግን ተረቱን ትታ የልጇን የሐናንን ነገር አነሳች።

እንግሊዝ አገር ልጆች አሥራ አራት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው የሚቀጥሉባቸውን ትምህርቶች ይመርጣሉ፤ ሒሳብን መተው ግን አይቻልም። አሥራ ስድስት ሲሞላቸው በሁሉም ይፈተኑና ከዚያ ሦስት ያህል ትምህርት ብቻ ይዘው ለዩኒቨርሲቲ ይዘጋጃሉ። የሒሳቡ ፈተና ከፍተኛና ዝቅተኛ ተብሎ ለሁለት ይከፈላል። መሐንዲስ መሆን የምትመኘው ሐናን በሒሳብ ዝቅተኛውን ፈተና እንድትወስድ ተደረገ።

«አስተማሪዎቿ ‹ቀለል ያለው ይሻላታል› አሉኝ፤ አመስግኜ ወጣሁ» አለች አክስቴ። «ለካ ትልቁ ውጤት ዘጠኝ ነው፤ በዝቅተኛው ፈተና ግን ከአምስት በላይ አይሰጥም።»

አባቴ ስኒውን አስቀመጠ። «ሁሉንም ብትመልስስ?»

«ሁሉንም ብትመልስም። አምስት አመጣችና ሒሳብ ልቀጥል ብትል አይሆንም አሏት።»

ያኔ እኔም በሒሳብ ዝቅተኛው ምድብ ውስጥ ነበርኩ፤ አስተማሪዬም ለአባቴ «የሚመቻት ይሄ ነው» ብሎት ነበር። አባቴ ዞር ብሎ አየኝ።

በሳምንቱ እኔን አስተርጓሚ አድርጎ ትምህርት ቤት ሄደ።

«እዚህ ምድብ ሆና ሁሉንም ብታውቅ የት ትደርሳለች ብለሽ ጠይቂው» አለኝ።

አስተማሪው ፈገግ ብሎ የሚያስቸኩል ነገር የለም አለ።

«የጠየቅኩት ሌላ ነው በይው።»

በዚህ ጊዜ አስተማሪው ውጤቴ ጥሩ ከሆነ በዓመቱ አጋማሽ ወደ ላይኛው ምድብ መዛወር እንደምችል ተናገረ። አባቴ ለምን እስካሁን እንዳልነገረን ሲጠይቀው «አልጠየቃችሁም» አለ።

ተዛወርኩ፤ ዛሬ ዙሪክ ውስጥ ምህንድስና እማራለሁ። ሐናንም ከፍተኛውን ፈተና በግሏ አጥንታ ወስዳ፣ ከእኩዮቿ ዘግይታም ቢሆን ቀጠለች። አስተማሪዬ እዚያ ትምህርት ቤት እስክጨርስ ድረስ ሰላም ሳይለኝ አልፎ አያውቅም። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ግን ‹የሚመችሽ ይሄ ነው› በሚል ደግ ቃል ላይ ያለኝ ጥርጣሬ ይብሳል እንጂ አይቀንስም።