አንገቱን የደፋው ልብስ ሰፊ

ጂንካ ውስጥ ስለ ሰው ክፉ ወሬ ከሰማችሁ ምንጩ እኔ ልሆን እችላለሁ። ጥሩዬ እባላለሁ፤ ገበያው አጠገብ ክር፣ ቁልፍና ዚፕ እሸጣለሁ። ኩርፊያ አይከብደኝም። ሰላም ብዬው ዝም ያለኝን ሰው እስከ ዓመት አልረሳም። ስለ ኤርጎ የምጽፈውም በዚሁ ጠባዬ የተነሳ ነው፤ መጀመሪያ ያማሁት እኔ ስለሆንኩ መካሱም የእኔ ድርሻ ነው።

ኤርጎ ልብስ ሰፊ ነው። በ1984 ዓ.ም. ከትውልድ መንደሩ ከገዘር ወደ ጂንካ ሲመጣ ሃያ ዓመት አልሞላውም ነበር። የስፌት መኪናውን በአክስቱ በረንዳ ላይ አስቀምጦ ጀመረ። እኔ ከሳውላ የመጣሁት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ከመንገዱ ማዶ፣ ከእሱ ፊት ለፊት ሱቄን ከፈትኩ። ያን ጊዜ አውሮፕላን የሚያርፈው ከተማው መሃል ባለው ሣር ሜዳ ላይ ነበር። ድምፁ ሲሰማ ሻጩም ገዢውም ቀና ብሎ ሰማይ ያያል። ቀና የማይለው ኤርጎ ብቻ ነው። አገጩ ደረቱን ነክቶ፣ ዓይኑ መርፌው ላይ ተተክሎ፣ እግሩ ፔዳሉን ይረግጣል።

ሰው ይህን አይቶ ወደደው። «አንገቱን የደፋ ልጅ» ተባለ። የሚስቱ የአየለች አባት ልጃቸውን የዳሩለት በዚሁ ስሙ ነው፤ «ዓይኑን ከሥራው የማያነሳ ልጅ ዓይኑን ወደ ሌላ ሴት አያነሳም» ብለው። ቤተ ክርስቲያናችንም ውሎ አድሮ ሽማግሌ አድርጋ መረጠችው። በምርጫው ቀን ስለ ትሕትናው ብዙ ተባለ። ኤርጎ ያን ሁሉ ምስጋና መሬት መሬት እያየ ሰማ። በኋላ ለእኔ ብቻ፣ «ጥሩዬ፣ እኔ እኮ አንገቴን የደፋሁት ስፌቱ እንዳይጣመምብኝ ነው» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ነገሩ እዚያው ቀረ።

በ2011 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ጠዋት ሱቄን ከፍቼ እንደ ወትሮዬ፣ «ኤርጎ፣ ደህና አደርክ?» አልኩት። አልዞረም። አልሰማም ብዬ ደገምኩ። አፉ የሆነ ነገር አጉተመተመ እንጂ አንገቱ ንቅንቅ አላለም። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ሆድ ባሰኝ። ሃያ አምስት ዓመት ፊት ለፊት ተቀምጠን፣ ልጆቻችን አብረው አድገው፣ ዛሬ እኔን ለማየት አንገቱን ማዞር ከበደው? ክር ሊገዛ ለመጣ ሁሉ፣ «ኤርጎ ሽማግሌ ከሆነ ወዲህ ሰው አይታየውም» አልኩ። ወሬዬ በሚኒባስ ገዘር ደርሶ ተመለሰ፤ ሲመለስማ አድጎ ነበር። ኤርጎ ጠግቧል፣ ኤርጎ ሰላምታ ይመርጣል፣ ኤርጎ የእናቱን ዘመዶች እንኳ አያውቅም ተብሎ መጣ።

ነሐሴ መግቢያ ላይ ሚስቱ አየለች ነጭ ክር ልትገዛ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል። በኩርፊያዬ ምክንያት ዝም ልላት ነበር፤ አንጀቴ አልቻለም። «ምን ሆነሻል?» አልኳት።

«የመዘምራኑን ነጭ ልብስ በደም አበላሸው» አለችኝ። «መርፌ ጣቱን ወግቶት አላወቀም። የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች፣ ትንሿና አጠገቧ ያለችው፣ ደንዝዘዋል፤ መቀስ ከእጁ ይወድቃል። አንገቱማ ከደረቀ ወር አለፈው። ሰው ሲጠራው መዞር አይችልም። አንቺም እንዳዘንሽበት ያውቃል። ላስረዳት ስለው፣ ትስቅብኛለች አለ።»

አፈርኩ። እውነቴን ነው፣ መደበቂያ አጣሁ። መንገዱን ተሻግሬ ሄድኩ። ኤርጎ ሲያየኝ እንደ ቁም ሣጥን መላ ሰውነቱን አዞረ። እጁን አሳየኝ። «እስከ ገና ጣቴ ካልተመለሰ መኪናውን ለወንድሜ ልጅ ሰጥቼ ገዘር እገባለሁ» አለኝ። «ጨርቁን በጣቴ ካላወቅሁት ሰፊ አይደለሁም።» ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ያ ነው ያስፈራኝ።

የመካስ ጥድፊያዬ ሌላ ጥፋት አመጣ። ወለም ያለኝን ቁርጭምጭሚት ያሻለኝ ኤርሳዶ የሚባል ወጌሻ አለ፤ ኤርጎን እጁን ይዤ ወደ እሱ ወሰድኩት። ኤርሳዶ በቅቤ አሸው፣ አሸው፣ ከዚያ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ ቀጭ አደረገው። ኤርጎ ጮኸ። ከአንገቱ እስከ ጣቱ ጫፍ ኤሌክትሪክ እንደያዘው ነዘረው፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ኤርሳዶን በቁርጭምጭሚት የሚያህለው የለም፤ አንገት ግን ቁርጭምጭሚት አይደለም። ያን ቀን አየለች ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

መስከረም ላይ ሐኪም ቤት ሄድን። ሐኪሙ በትንሽ መዶሻ ክንዱንና ጉልበቱን መታ መታ አደረገ፣ መስመር ላይ አራመደው፣ የሸሚዙን ቁልፍ ፍታና ቆልፍ አለው። ሰፊን ቁልፍ ቆልፍ ማለት! ኤርጎ ሁለቱን በግራ እጁ ቆለፈና ሦስተኛው ላይ እጁ ተሳሰረ። ራጅ ተነሳ። ሐኪሙ አይቶ፣ «የአንገት ዲስክ ነው» አለ።

«ዲስክ?» አለ ኤርጎ። «እኔ ዲስክ የለኝም፤ የመዘምራኑ መዝሙር ያለበት አንድ ነበረኝ፣ እሱንም ልጄ ወሰደችው።»

ሐኪሙ እንደ መሳቅ ብሎ ፊዚዮቴራፒ ወደምትሠራ ወጣት ሴት ላከን። ሚስጥር ትባላለች፤ ከእኛ ግን የደበቀችው ነገር የለም። የሸሚዙን ኮሌታ ይዛ፣ «ጋሼ፣ እዚህ ውስጥ ጠንካራ ጨርቅ ያስገባሉ አይደል? ሲታጠብ ሲታጠብ ምን ይሆናል?» አለችው።

«ይሳሳል። ይሸበሸባል።»

«በአንገት አጥንቶች መሃልም እንዲህ ያለ ለስላሳ መደገፊያ አለ። ዲስክ የሚባለው እሱ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ይደርቃል፣ ይሳሳል፤ ይህ የሁላችንም ነው፣ ብዙ ሰው ምንም ሳያመው ይኖራል። የእርስዎ ወደ ጎን ወጣ ብሎ ወደ እጅ የሚሄደውን ነርቭ ተጭኖታል።» ከዚያ የውሃ ጄሪካን አንስታ ደረቷ ላይ አቀፈችው፤ ቀጥላ ክንዷን ዘርግታ ያዘችው፤ ክንዷ ወዲያው ተንቀጠቀጠ። «ጭንቅላት አምስት ኪሎ ያህል ይመዝናል። ቀና ሲሉ አንገት እንዲህ አቅፎ ይይዘዋል። ሲደፉት ግን እንዲህ አርቆ ይሸከመዋል። እርስዎ ሃያ ሰባት ዓመት አርቀው ተሸከሙት።»

«ሰው እኮ የሚያመሰግነኝ በዚሁ ነበር» አለ ኤርጎ።

አብዛኛው ሰው ያለ ቀዶ ጥገና እንደሚሻለው ነገረችን። ታዲያ እጁ የበለጠ ከሰነፈ፣ እግሩ ከተሳሰረ፣ ወይም ሽንቱን መቆጣጠር ካቃተው፣ ቀጠሮ ሳይጠብቅ በዚያው ቀን እንዲመጣ አስጠነቀቀችው። አንገቱን ማንም እንዳያስጮኸውም ነገረችው። ይህን ስትል እኔ ጣሪያውን አየሁ።

«ሥራዎን ወደ ዓይንዎ ከፍ ያድርጉት» ብላው ስለነበር፣ ኤርጎ አናጢ ጠርቶ ከመኪናው አራት እግሮች ሥር አራት ግንድ አስቀመጠ። መኪናው ከፍ ሲል ፔዳሉም አብሮ ከፍ አለ። ስለዚህ ወንበሩንም አስረዘመ። ዳኛ መሰለ! አላፊ አግዳሚው ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ጥሩዬ፣ እውነትሽን ነው፤ ይኸው ከፍ ብሎ ተቀመጠ» ይለኛል። ምላሴን ይቁረጠው።

ቅዳሜ ሚስጥር ቲማቲም ልትገዛ ስታልፍ አየችው። ቆማ ሳቀች። «ጋሼ፣ እርስዎና መኪናው አብራችሁ ወጣችሁ፤ አንገትዎ ግን እዚያው ነው።» በእሱ በኩል ያሉትን ሁለት ግንዶች አስወጣች፣ የኋለኞቹን አሳጠረች፣ እንዳይንሸራተት ሥራቸው የአሮጌ ጎማ ቁራጭ አስደረገች። ጠረጴዛው ወደ ኤርጎ ዘንበል አለ፤ ጨርቁ ራሱ ወደ ዓይኑ መጣለት። ወንበሩም ወደ ቁመቱ ተመለሰ።

ትራስ ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። ኤርጎ ሁለት ትራስ ደራርቦ ይተኛል። «ዝቅ ያድርጉት፣ አንገትዎን ይደግፍ» ተባለ። እሱ ሲታዘዝ እስከ መጨረሻው ነው፤ እሱ ዘንድ ቁምጣ ከሚያሰፉ አንድ የበና ብሔረሰብ ሽማግሌ ቦርኮቷቸውን ተዋሰ። ቦርኮቶ ለመቀመጫም ለራስጌም የሚሆን ትንሽ የእንጨት በርጩማ ነው፤ ሽማግሌው ከእጃቸው አይለዩትም። ኤርጎ አራት ሌሊት ተኝቶበት ደርቆ ተነሳ። ሚስጥር፣ «እሳቸው ከልጅነታቸው ለምደውታል፤ የእርስዎ አንገት የለመደው ጥጥ ነው» አለችው። ጋቢ አጥፎ፣ በጎኑ ሲተኛ ከትከሻው እስከ ጆሮው ያለውን ክፍተት በሚሞላ ውፍረት እንዲያደርገው አሳየችው።

ቦርኮቶው ግን ባከነ አትበሉ። ኤርጎ ጠረጴዛ ላይ አቁሞ ክንዱን አስደገፈበት። በእጅ የሚሰፋውን እጥፋትና ቁልፍ፣ ጭኑ ላይ መሥራቱን ትቶ ደረቱ ፊት ይሠራው ጀመር። ሽማግሌው በሚቀጥለው ቅዳሜ መጥተው አዩና ከት ብለው ሳቁ። «ራስህ እንቢ ካለ እጅህ ይተኛበት» አሉት፤ በዚያው ሰጡት።

ለእኔም ሥራ ተሰጠኝ። ኤርጎ መስፋት ከጀመረ ጊዜ አያውቅም፤ ስለዚህ በየግማሽ ሰዓቱ ከመንገዱ ማዶ፣ «ኤርጎ፣ ቀና!» ብዬ እጮሃለሁ። እሱ ይነሳል፣ በር ላይ ይቆማል፣ አገጩን ወደ ኋላ ስቦ አምስት ይቆጥራል፣ ትከሻውን ወደ ኋላ ይሰበስባል። አገጩ እጥፍ ሲሆን ሲያዩ ሰዎች ይስቃሉ። መጀመሪያ እኔም እስቅ ነበር። በኋላ ስልኬ ላይ ተደፍቼ ስውል የእኔም ጀርባ እንደሚቃጠል ልብ አልኩና እየቆምኩ አብሬው አገጬን መሳብ ጀመርኩ። አሁን መንገዱ ግራና ቀኝ ሁለት እብዶች ቆመናል።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «ራሳችንን ዝቅ አድርገን እንጸልይ» ሲባል ኤርጎ ዓይኑን ይጨፍናል እንጂ አንገቱን አይደፋም። ሹክሹክታ እንደጀመረ ሰማሁ። እሁድ በሴቶች ኅብረት ላይ ተነሳሁና፣ «ኤርጎ አልጠገበም፤ ታሟል። ጠገበ ብዬ ያስወራሁት እኔ ነኝ» አልኩ። አየለች ከኋላ መጥታ ትከሻዬን ያዘችኝ፤ ከወጌሻው ወዲህ የነካችኝ ያን ቀን ነው።

ጥቅምት አለፈ፣ ኅዳር አለፈ። አንገቱ ቀስ በቀስ ላላ፤ መቀሱም መውደቁን ተወ። ሁለቱ ጣቶች ግን እንደ ደነዘዙ ናቸው። ኤርጎ የመዘምራኑን የገና ልብስ ከያዘ በኋላ ሌላ ሥራ አልቀበልም አለ። አንድ ጠዋት የወንድሙ ልጅ መኪናውን መቼ እንደሚወስድ ደውሎ ሲጠይቅ ሰማሁ። «ገና ይለፍ» አለው። እኔ ክር እየቆጠርኩ ነበር፤ ቁጥሩ ጠፋብኝ።

ገና ሊገባ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት፣ ሱቄን ከፍቼ ሳልጨርስ ከማዶ ጩኸት ሰማሁ።

«ወጋኝ! ጥሩዬ፣ ወጋኝ!»

መኪና መምጣት አለመምጣቱን ሳላይ ተሻገርኩ። ኤርጎ ቀኝ እጁን ወደ ላይ ይዞ ቆሟል። ትንሿ ጣቱ ላይ አንዲት የደም ጠብታ አለች። ነጩ ልብስ ላይም አንዲት ጠብታ ወድቃለች።

«የት?» አልኩት እንደ ሞኝ።

«እዚህ! ያመኛል! ያመኛል እኮ!» ዕንባው በጉንጩ ይወርዳል፤ ይስቃልም። አየለች ከጓዳ ሮጣ መጥታ ጣቱን አየች፣ ልብሱን አየች፣ ከዚያ የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጣ ማልቀስ ጀመረች። እኔም አለቀስኩ። መርፌ ሰውን ወግቶ ይህን ያህል ደስታ ሲያመጣ አይቼ አላውቅም።

ሁለተኛውም ጣት ከጥር በኋላ ተመለሰ፤ መኪናው ዛሬም እዚያው ነው። ያን ጠዋት ግን ወደ ሱቄ ልመለስ ስል፣ «ጥሩዬ» ብሎ ጠራኝ። ትከሻው ወደ መኪናው እንደሆነ፣ አንገቱን ብቻ ወደ እኔ አዞረ።

«ደህና አደርሽ?» አለኝ።