አያቴ የገዘቱ ለት

ልጅ ሳለሁ ሕግ የሚኖረው አያቴ ቤት፣ ከምድጃው ማዶ ይመስለኝ ነበር። አያቴ ቄስ ወልደ ማርያም ከጓሳ ተራራ ግርጌ ያለችው መንደራችን ቄስ ነበሩ፤ እኔ «አባባ» ነበር የምላቸው። ያኔ ክረምት ሲገባና ጉሙ ከጓሳ ወርዶ ደጃፉን ሲያለብሰው፣ አክስቴ ዘነበች ባና ለሚባለው ወፍራም ብርድ ልብስ የሚሆን የበግ ጠጉር ትፈትላለች፣ እኔ ጠጉሩን እየፈለቀቅኩ አቀብላታለሁ፣ የኩበቱ ጢስ የሁላችንንም ዓይን እያስለቀሰ አባባ ወሬ ይጀምራሉ። የሌላው ልጅ አያት ስለ ጦጣና ስለ ቀበሮ ሲያወራ የእኔው አያት የሚያወሩት ስለ ዳኛና ስለ ሙግት ነበር። መንዝ ነዋ! «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚል አገር ልጁን በሌላ ነገር አያስተኛም።

አባባ በጎልማሳነታቸው የጥንቱን የሕግ መጽሐፍ ከነትርጓሜው ተምረው ነበር። በንጉሡ ዘመን እሑድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ዳኛው ከደጀ ሰላሙ ፊት ካለው ትልቅ ጥድ ሥር ተቀምጦ ሲያከራክር እሳቸው በግእዝ እያነበቡ በአማርኛ ይፈቱለት ነበር። «ያኔ ሕግና ቤተ ክርስቲያን በአንድ ቀንበር የተጠመዱ በሬዎች ነበሩ» ይሉ ነበር፤ «ዛሬ ለየብቻቸው ያርሳሉ። ደግ ይሁን ክፉ እንጃ፣ ልጆቼ። እኔ ያደግኩት በፊተኛው ነው።» ይህን ሲሉ ቁጣ አልነበረባቸውም። የድሮ ጓደኛው ሩቅ አገር እንደሄደበት ሰው ነበር የሚናገሩት።

ከተረቶቻቸው ሁሉ አንዱን ደጋግሜ አስወራቸው ነበር። አንድ ንጉሥ በታቦት ፊት ቆሞ፣ ጦር ይዞ ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር የገባ ሰው ፍርድ እስኪያገኝ በቁራኛ ይታሰር ብሎ ይምላል። ቁራኛ ማለት የድሮ ሥርዓት ነው፤ የተከሳሽ ነጠላ ጫፍ ከከሳሽ ነጠላ ጫፍ ጋር ይቋጠርና ዳኛ ፊት እስኪደርሱ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይተኛሉ። ከዕለታት አንድ ቀን ጦር ይዞ የገባው የንጉሡ የገዛ ልጅ ሆኖ ተገኘ። ከንጉሥ ልጅ ጋር የሚቆራኝ ደፋር ጠፋ። ንጉሡም ከዙፋኑ ወረደና የካባውን ጫፍ ከልጁ ነጠላ ቋጠረ። «ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ከሳሹም እኔ ነኝ» አለ።

«መቼ ተፈቱ?» እላለሁ ሁልጊዜ።

«እሱን ተረቱ አይናገርም» ይላሉ አባባ፤ ከዚያም ፍሙን በአመድ ያዳፍናሉ። ያ መልስ በጣም ያናድደኝ ነበር።

የድንበሩ ጦርነት በተነሣበት ዓመት ጓሳ ዝግ ነበር። ግጦሹና የቤት ክዳን ሣሩ የሚገኝበት ጓሳ የሁሉም ነው፤ ሽማግሌዎች ከዘጉት ግን ቀኑ ተቆርጦ እስኪከፈት ድረስ በግ አይግጥበትም፣ ሣር አይታጨድበትም። ከአባባ ልጆች መጨረሻ የተወለደው አጎቴ ታደሰ በዚያ ዓመት ሊያገባ ጎጆ ቀልሶ ነበር፤ ግድግዳው ቆሟል፣ ክዳን የለውም። ሰኔ ደግሞ ሰማዩ ጠቁሮ መጣ።

አንድ ማለዳ የጓሳው ጠባቂ ጋሽ ደምሴ በጉሙ ውስጥ ሣር የተሸከመ ሰው አዩና «በሕግ አምላክ፣ ቁም!» ብለው ጮኹ። በእኛ አገር በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል ይባላል። ያ ሰው አልቆመም። ሊይዙት ሲደርሱ ጉልበታቸውን በዱላ መትቶ በጉሙ ተሰወረ። ጋሽ ደምሴ ፊቱን አላዩትም። እግራቸው ከዚያ ወዲያ አልተቃናም።

ነገሩ መሐል ሜዳ ከተማ ፍርድ ቤት ደረሰ። ወጣቱ ዳኛ ማን አየ ብሎ ጠየቀ፤ ያየ የለም። ፋይሉ ተዘጋ። ሰዉ እያጉረመረመ ተመለሰና አባባን ግዘቱልን አላቸው። አባባ ብዙ አንገራገሩ። «ግዝት እሳት ነው፣ ቤት አይመርጥም» ብለው ነበር። ሽማግሌዎቹ ግን አልለቀቋቸውም፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መስቀላቸውን አንሥተው ሕዝቡ ፊት ቆሙ።

«የመታ ወጥቶ ይናገር። ያየም የሰማም ይናገር። አውቆ ዝም ያለ ከዚህ ቅጽር እንዳይገባ በሥልጣነ ክህነቴ ገዝቻለሁ።»

ሕዝቡ «አሜን» አለ። እጄ አክስቴ እጅ ውስጥ ነበር። የእሷ እጅ ሲንቀጠቀጥ ብርድ መስሎኝ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ አጎቴ ታደሰ ለዘመቻ ተመዝግቦ ሄደ። ወጣቱ ሁሉ ይሄድ ስለነበር ማንም ምን ነካው አላለም። ቆሎና በሶ ተቋጥሮለት፣ እናቶች እያለቀሱ መኪናው እስከሚቆምበት ሸኘነው። ያለ ክዳን የቀረውን ጎጆውን ዝናቡ እያፈራረሰው ክረምቱ ገፋ።

ፍልሰታ ሲገባ ትልቁም ትንሹም ይቆርባል። አክስቴ ዘነበች ግን ከቅጽሩ ውጭ፣ ከጥዱ ሥር ቆማ ቀረች። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ሆነ። በዚያው ሰሞን አንድ ምሽት፣ እኔ ከመደቡ ላይ ተጠቅልዬ ሳለሁ፣ አባባ ተረት ሳይጀምሩ ጠየቋት።

«ዘነበች፣ ምነው ውጭ ቆምሽ?»

«ገዝተዋላ፣ አባቴ።»

«ታውቂያለሽ ማለት ነው?»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያ ተናገሪያ፣ ልጄ።»

እንዝርቷን አቆመች። «ወንድሜ ነው ብዬ ልናገር? እሳት ላነድ በማለዳ ተነሥቼ ዱላውን እዚህ ምድጃ ውስጥ ሲከተው አየሁት። እግሬ ላይ ወድቆ አለቀሰ። ለጦርነት የሄደ ልጅ፣ ሌባ ነው ብዬ በአደባባይ ልጥራው?»

አባባ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ጢሱ መሰለኝ፤ እያለቀሱ ነበር።

«ወየው ልጄ» አሉ በመጨረሻ፤ «እኔንም አሳወቅሽኝ።»

«ያሰሩት እርስዎ ነዎት። እርስዎ ይፍቱት።»

«የጎረቤት ልጅ ቢሆን ሳይናገር እፈታው ነበር? ዛሬ ለልጄ ብዬ ከፈታሁ ነገ በማን ላይ አስራለሁ? ታደሰ ይምጣ። በአንደበቱ ይናገር፣ ደምሴንም ይካስ። ያኔ ሁላችንም እንገባለን።»

በሚቀጥለው እሑድ አባባ ቅዳሴውን ለሌላው ቄስ ተዉና፣ መስቀላቸውን እንደያዙ ከጥዱ ሥር አክስቴ ጎን ተቀመጡ። ሰው አሟቸዋል አለ። ከዚያ የጋቢያቸውን ጫፍ ከነጠላዋ ጫፍ ጋር ቋጠሩት። እኔ ተረቱን የሚጫወቱ መስሎኝ ሳቅኩ፤ እኔም ልቋጠር ብዬ ነጠላዬን ዘረጋሁ። አክስቴ ዞር ብላ አየችኝ። እንዲያ ስታየኝ የመጀመሪያዋ ነበር።

«አንቺ ግቢ» አለችኝ። «አንቺ ተኝተሽ ነበር። ምንም አልሰማሽም።»

ትከሻዬን ይዛ ወደ በሩ ገፋ አደረገችኝ። ገባሁ። አልተኛሁም ነበር፤ ግን ገባሁ።

ከዚያ ወዲያ ታደሰን መጠበቅ ሆነ። አባባ ምሽት ምሽት ማውራታቸውን አልተዉም፤ ተረቶቹ ግን አጠሩ፣ መሐል ላይ ተቋርጠው የሚቀሩም ነበሩ። ከደጅ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ሁለቱም ቀና ይላሉ። የንጉሡን ተረት ንገሩኝ ማለት ፈራሁ።

መርዶው በሚቀጥለው ዓመት፣ አንድ ቀን ገና ጎሕ ሲቀድ መጣ። ታደሰ ላይመለስ ቀርቷል። ለቅሶው ላይ ጋሽ ደምሴ እያነከሱ መጡና በምርኩዛቸው ተደግፈው «የኔ አንበሳ፣ ለአገርህ የሞትክ!» እያሉ እንደ አባት አለቀሱ። አባባ ያኔ ብድግ አሉ። አፋቸውን ሲከፍቱ አየኋቸው። አክስቴም አየቻቸው፤ ጩኸቷን አቆመች። አባባ ጋሽ ደምሴን አዩ፣ እግራቸውን አዩ፣ ተመልሰው ተቀመጡ። የሰለስቱ ዕለት የጥማድ በሬያቸውን አንዱን እየነዱ ወስደው ጋሽ ደምሴ ደጅ አሠሩት። ምንድን ነው ሲባሉ ስለ ልጄ ነፍስ ነው አሉ። እውነታቸውን ነበር።

አባባ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። በዓቢይ ጾም ታመው ሲደክሙ ካህናቱ ከበቧቸው፤ አገልጋይ የሚቀበረው ከቤተ መቅደሱ አጠገብ ነው። እሳቸው ግን ከጥዱ ሥር፣ ከቅጽሩ ውጭ ቅበሩኝ አሉ። ካህናቱ ይህማ አይሆንም ብለው ሲከራከሯቸው መስቀላቸውን አነሡ። «ከውስጥ ብትቀብሩኝ ገዝቻለሁ» አሉ። የመጨረሻ ግዝታቸው እሱ ሆነ።

አዲስ የመጣው ቄስ ደግ ሰው ነበር። እኔ እፈታሻለሁ፣ ግቢ አላት አክስቴን። «አባቴን ውጭ ትቼ?» አለችው። እንደ ልማዷ ከጥዱ ሥር ቆመች። እኔ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ስማር ሞተች፤ ሳልደርስ ቀበሯት፣ እዚያው ከጎናቸው።

ዛሬ በአንዲት ወረዳ ዳኛ ነኝ። መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ተምሬያለሁ፣ አምኜበትማለሁ፤ በእኔ ችሎት ማንም አይገዘትም። ምስክር ግን እጁን አንሥቶ በአምላኩ ስም ይምላል። አንዳንዱ እጁን እንዳነሣ ይዋሻል፤ እጁም አይንቀጠቀጥም። ያኔ አክስቴ ትዝ ትለኛለች፣ ያናድደኛልም። ደግሞ ሌላ ሐሳብ ይመጣብኛል፤ እሱ ይብሳል። ያ ወጣት ዳኛ አንድ ምስክር ቢያገኝ ኖሮ አጎቴ ጥቂት ዓመት ታስሮ ይወጣ ነበር። ጦርነት አይሄድም ነበር። አባባ ቀድሰው፣ አክስቴ ቆርባ፣ ሁሉም ከቅጽሩ ውስጥ ይቀበሩ ነበር። ከእኛ ቤት እስር ቤቱ ይሻል ነበር። ይህን ለአባባ ብነግራቸው ምን ይሉኝ እንደነበር ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ፍሙን በአመድ የሚያዳፍኑ ይመስለኛል።

ባለፈው ዓመት ለንግሥ ወደ መንደራችን ሄጄ ነበር። ጋሽ ደምሴ አርጅተው፣ ዓይናቸው ደክሞ፣ ከደጀ ሰላሙ ፊት፣ ከሁለቱ መቃብር አጠገብ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው እጄን ይዘው ሳቁ።

«አንቺ የቄሱ ልጅ! ዳኛ ሆንሽ አሉኝ። እስቲ ያን የእኔን ፋይል ክፈችልኝ! ሳልሞት ማን እንደመታኝ ልወቅ!»

ለቀልድ ነበር። ጉልበታቸውን እያሹ ደጋግመው ሳቁ። ከውስጥ ከበሮው ይሰማል፤ ሰዉ ነጠላውን እያስተካከለ በአጠገባችን ያልፋል። ግቢ የሚለኝ ሰው ይኖር እንደሆን ብዬ ወደ ጥዱ ሥር አየሁ።

የነጠላዬን ጫፍ ሰብስቤ ከጋሽ ደምሴ ጎን ተቀመጥኩ። ሥርዓቱ እስኪያልቅም አልገባሁም።