በቀይ ቀለም የተቀባው ሽቦ

ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጎንደር ያለውን የአባቴን ቤት ግድግዳ ሲከፍት የአሮጌ ሽቦ ሽታ ወጣ፤ ልጅነቴ መጣብኝ።

አባቴ ብራና ጸሐፊ ነበሩ። ጣሊያን የዘረጋው ሽቦ እየተበላሸ ሲያስቸግረን ራሳቸው ሊቀይሩት ተነሡ።

«ምነው፣ ያልለመዱትን ባይነኩ? ልጆች አሉብን» አለች እናቴ።

አባቴ መብራቱን ከቆጣሪው አጠፉ። ከዚያ የአዲሱን ሽቦ ጫፍ በሸምበቆ ብዕራቸው ቀቡት፤ ኃይል የሚያልፍበትን በቀይ፣ ሌላውን በጥቁር።

«ቀዩስ ለምንድን ነው?» አልኋቸው።

«በብራና ላይ የአምላክ ስም በቀይ ነው የሚጻፍ። ቀይ ያየ እጅ ይጠነቀቃል።»

በቅጡ አልገባኝም፤ እግዜር ግድግዳችን ውስጥ የገባ መስሎኝ ነበር።

ሠራተኛው ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ፈትሾ «ማን ነው የሠራው? አንድም አልሳተ» አለኝ። ቀለሙ እንዳለ ነው። ሳላስበው ነጠላዬን መስቀለኛ አጣፋሁ።