ክፍት ቦታው ላይ የተቆረጡ ስሞች

መካነ ሰላም ገበያ ዳር ከአንድ ሸሪኬ ጋር ሜሞሪ ካርድ ላይ ዘፈንና መዝሙር እንጭናለን፤ ፎቶም እናትማለን። ደንበኛ መሳብ የኔ ነው፣ ኮምፒውተሩ የሱ። ሁለታችንም ኮሌጅ ደጃፍ አልረገጥንም። ዊንዶውሱን ቫይረስ ሲጨርስብን ሸሪኬ በምትኩ ሊኑክስ የሚባለውን በነፃ ጫነና ትእዛዝ እየጻፈ ማሠራት ለመደ።

ይኼ ሊኑክስ አንድ አመል አለው። የፋይል ስም መሀል ክፍት ቦታ ካየ ስሙ እዚያው ያለቀ ይመስለዋል። «የሠርግ ዘፈን» ስትለው «የሠርግ» የሚባል ፈልጎ ያጣል፣ «ዘፈን» የሚባል ፈልጎ ያጣል፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ ይሰድብሃል። መድኃኒቱ ስሙን በጥቅስ ምልክት ማቀፍ ነው። ሸሪኬ ግን በየቦታው ማቀፉ ሰልችቶት ሌላ ብልሃት አመጣ፦ ስሙን ክፍት ቦታው ላይ ቆርጦ የፊተኛዋን ቃል ብቻ የሚያስቀር ትእዛዝ። የዘፈን ስም አጀማመሩ ለየቅል ስለሆነ ለኛ ሥራ በቃን።

አንድ ቀን ከገጠር አንድ ዲያቆን መጣ። ዜማ ያስተማሩት የኔታ ሞተውበታል። ቁጭ ብለው ለማስጠናት ዕድሜ እንደማይበቃቸው ሲያውቁት የቀረውን ዜማ በስልኩ ቀድተውለት ነበር። ደብሩ የማስተማሪያ ወንበራቸውን ለሱ ሊሰጥ ይጠብቃል፤ ያንን ዜማ ሳይዝ ግን አይቀመጥበትም። የስልኩ ካርድ መንተባተብ ስለጀመረ ወደ አዲስ እንድንገለብጥለት ነው የመጣው።

«ቀለም ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ጥፍር በምታክል ካርድ የሚገባው?» አልኩት።

«ሞት ሲቸኩል ምን ላድርግ ጋሼ! የኔታም ስቀውብኛል።»

ሸሪኬ ካርዱን ሰካና እንደ ልማዱ መጀመሪያ ስሞቹን እዚያው ካርዱ ላይ ቆረጠ። ዝርዝሩ ላይ አንድ ፋይል ብቻ ቀረ።

ዲያቆኑ ቅጂዎቹን ሲሰይም ሁሉንም በመምህሩ ማዕረግ ጀምሯል፦ «የኔታ የሕማማት»፣ «የኔታ የጽጌ»፣ «የኔታ የፍልሰታ»። የቤተ ክህነት ልጅ መምህሩን ሳያስቀድም ዜማውን አይጠራም። ማሽኑ ቆርጦ ሁሉንም «የኔታ» አላቸው። አንድ ስም ለሁለት ስለማይሆን የኋላው የፊቱን እየደመሰሰ ሄደ። ማንንም አልጠየቀም።

«የቀሩት የት ገቡ?» አለ ዲያቆኑ።

ሸሪኬ ኪቦርዱን ወደ ራሱ ሳበ። «ወላሂ አሁን እመልሳቸዋለሁ» አለና የተረፈችውን ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጦ፣ የጠፋ የሚፈልግ ፕሮግራም አስነሳ። ካርዱ ጥቂት ተነበበ፣ ቆመ፣ ከዚያ ጨርሶ አልታይ አለ። ነቅለን ሰካነው፤ በሌላ ማንበቢያም ሞከርነው። እምቢ አለ።

የተረፈችውን ከፈትን። ትንፋሽ የሚያጥረው የሽማግሌ ድምፅ ሱቁን ሞላው። ዲያቆኑ ዐይኑን ጨፍኖ አብሮ እያዜመ ዘለቀው፤ አንድም ቦታ አልተደናቀፈም።

«የፍልሰታው ነው» አለ ሲያበቃ። «ይኼንንማ በልጅነቴ ነው የያዝኩት። ድምፃቸውን ለመታሰቢያ ብዬ ነው ያስቀዳኋቸው።»

«ሌላ አገር ሄደህ የሚያስተምርህ መምህር አይጠፋም» አልኩት። ነጋዴ ነኝ፤ ዕቃ ሲያልቅብኝ ተተኪ መጠቆም ለምዶብኛል።

«አይጠፋም። የሳቸው ዜማ ግን ከሳቸው በቀር ማንም ጋ አልነበረም።»

«ደብሩንስ ምን ልትላቸው ነው?»

«ሌላ ሰው ፈልጉ ነዋ።»

የተረፈችውን የጫንንበትን አዲስ ካርድ ስልኩ ውስጥ ከተተና ወደ መናኸሪያው ወረደ።