ነጥቧን የዘለለው እትም

እናቷ «ፌንጣ» ያሏት ገና ድክ ድክ ማለት ስትጀምር ነው፤ አንድ ቦታ ሁለት ደቂቃ አትቀመጥም ነበር። ዛሬ ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ አመሏ ግን ያው ነው። መተዳደሪያዋ ኮምፒውተር መጠገን ነው። ትርፍ ጊዜዋን የሚበላው ደግሞ ታላቅ ወንድሟ የዓይኑን ብርሃን ካጣ ወዲህ የጀመረችው ፕሮግራም ነው። ስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ ጮክ ብሎ ያነባል። ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ምንጭ ኮድ ለማንም ክፍት አድርጋዋለች፤ የፈለገ አውርዶ፣ በራሱ ኮምፒውተር ወደሚሠራ ፕሮግራም ገንብቶ ይጠቀምበታል።

ስምንት ወር የለፋችበትን አዲስ እትም አንድ ቅዳሜ ጠዋት ለቀቀች። ኮምፒውተሯ ላይ ያካሄደቻቸው አራት መቶ አሥራ ሁለት ፍተሻዎች አንድም ሳይወድቅ አልፈዋል። ደስ ሊላት ሲገባ ቀልቧ አልሰበሰብ አለ። የታጠበ ብርጭቆ መልሳ አጠበች። ሰገነት ወጣች፣ ገባች። በመጨረሻ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወንድሟ ቤት ሄደች።

«ደግሞ ምን ሆነሽ ነው?» አላት ገና ኮቴዋን ሲሰማ።

«ምንም። ኮምፒውተርህ ላይ ከባዶ ልገንባው ብዬ ነው።»

«ሁሉም አለፈ አላልሽኝም?»

«እኔ ቤት አለፈ። የእናት ቤት ፈተና ምን ፈተና ነው?»

ኮዱን እንደማንኛውም ሰው ከገጹ አውርዳ መገንባት ጀመረች። አሮጌው ኮምፒውተር አርባ ደቂቃ ሲያቃስት እሷ ከበር መስኮት፣ ከመስኮት በር ተመላለሰች።

«አንቺ ልጅ፣ ወለሉን ጨረስሽው እኮ» አለ ወንድሟ።

ግንባታው ያለ ችግር አለቀ። ወንድሟ ሐኪሙ የላከለትን መልእክት ከፈተ። ፕሮግራሙ ጥርት ባለ ድምፅ አነበበ፦ «ጠዋት ጠዋት አምስት ፍሬ።»

ወንድሟ ፊቱን ወደ እሷ አዞረ። «እኔ የምውጠው ግማሽ ፍሬ ነው» አላት ቀስ ብሎ።

ክው አለች። መልእክቱ ላይ የተጻፈው 0.5 ነው። ነጥብ ያለበት ቁጥር እንዴት እንደሚነበብ ለፕሮግራሙ የሚነግረው ፋይል እሷ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ቀርቷል፤ ምንጭ ኮዱ ውስጥ ማስገባቱን ረስታዋለች። ፕሮግራሙ ደግሞ ፋይሉን ሲያጣ አይቆምም፤ ነጥቧን ዝም ብሎ ይዘላል፤ 0.5 የነበረው 05፣ ማለትም አምስት ይሆናል።

እትሙን ወዲያው ከገጹ አነሳችው። ከእሷ ሌላ አሥራ ሰባት ሰው አውርዶታል። ለተጠቃሚዎቹ ሁሉ ጻፈች፦ «የዛሬውን እትም አጥፉት። የመድኃኒት መጠን አሳስቶ ያነባል። ጥፋቱ የእኔ ነው። ያወረዳችሁ እባካችሁ ማጥፋታችሁን ጻፉልኝ።»

«ትንሽ ለስለስ አታደርጊውም?» አላት ወንድሟ።

«ካለሰለስኩት ማን ይደነግጣል?»

እስከ ሰኞ አሥራ አራቱ ማጥፋታቸውን ነገሯት። ማክሰኞ የታረመው እትም ወጣ፤ አሁን ያ ፋይል ከሌለ ጭራሽ አይገነባም። መጀመሪያ የተሞከረውም ወንድሟ ቤት ነው። ሐሙስ ሌሎች ሁለት ሰዎች ጻፉላት። አንዱ ግን እስከ ዛሬ ድምፁ የለም።

«አውርዶ ረስቶት ይሆናል» ይላታል ወንድሟ።

«ይሆናል» ትለዋለች። ጠዋት ስትነሳ ግን ፊቷን እንኳ ሳትታጠብ የመልእክት ሳጥኗን ትከፍታለች።