ነጩ ክር ቢጫ የሆነባቸው ሸማኔ

የወረታው ሸማኔ አያ ሞላ፣ አዲሱ ዓመት በገባ በሳምንቱ፣ ከሽመናቸው ሳይነሡ አረፉ። ርቃችሁ ያላችሁ ወዳጆቻቸው እንድትሰሙ ይህን የምጽፈው እኔ ሰይድ ነኝ፤ ከጎናቸው ክር የምሸጠው። ለብዙ ዓመታት አንድ ግድግዳ ተጋርተን ሠርተናል። የሽመናቸውን ምት ድምፅ ሰምቼ ብቻ ጋቢ ይሁን ነጠላ የሚሸምኑትን እለይ ነበር።

ክርስቲያን እስላም ሳይሉ፣ የሠፈር አራስ ደጃፍ ላይ የሕፃን ማቀፊያ አስቀምጠው ይሄዱ ነበር። ልጄ ስትወለድ እኔም ደጄ ላይ አገኘሁ። ብጠይቃቸው «እኔ ምን አውቄ!» ብለው ካዱኝ።

ሥራ ማሳደር አይወዱም። ልቅሶ ከዋሉ በማግስቱ የሁለት ቀን ይሸምናሉ። «የጎደለብኝን ቀን ሳልሞላ እንቅልፍ አይወስደኝም» ይሉ ነበር።

ለልባቸው ሐኪም ያዘዘላቸው ኪኒን ነበራቸው፤ በቀን አንድ ፍሬ። በጳጉሜ ወንዛዬ ፍል ውኃ ሊጠመቁ ሲሄዱ ትተውት ሄዱ። ሲመለሱ የጎደለውን ቀን እንደ ሽመናቸው ሊሞሉ በየቀኑ ሦስት አራት ይውጡ ጀመር። ይህን ያወቅነው ከቀብር በኋላ ነው።

አንድ ቀን ሱቄ መጥተው «ሰይዴ፣ ነጭ ክር ብልህ ቢጫ ትሰጠኛለህ?» አሉኝ። ክሩ ነጭ ነበር። ቀየርኩላቸው። ተመልሰው መጡ፤ «ይኸም ቢጫ ነው።»

ክሬን ስላሙብኝ ተናደድኩ። «አያ ሞላ፣ አደይ አበባው ዓይንዎ ውስጥ ገብቶ ይሆናል» ብዬ ቀለድኩ። አልሳቁም። ወደ ፎገራ ሜዳ እያዩ፣ ቀስ ብለው «ሩዙስ በመስከረም ደረሰ እንዴ?» አሉ።

ሩዙ ገና ለምለም ነበር። ግን አገሩ ሁሉ አደይ በሆነበት ወር ቢጫ አየሁ የሚልን ሰው ማን ሐኪም ቤት ይወስዳል? እኔም አልወሰድኳቸው።

በማግስቱ ከግድግዳው ማዶ የሽመናው ድምፅ ተዛባ። ሦስት ፈጣን ምት፣ ዝምታ። አንድ ምት፣ ረጅም ዝምታ። ክር እየመዘንኩ ሳላውቀው ቀጣዩን ምት እጠብቅ ነበር። አልመጣም። ሮጬ ስገባ እግራቸው የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ፣ እጃቸው መወርወሪያው ላይ ነበር።

ከቀብር በኋላ ለልቅሶ የመጣች የጤና ጣቢያ ነርስ የኪኒኑን ብልቃጥ አይታ፣ የቀረውን ፍሬ ቆጥራ ነገረችን። ያ መድኃኒት ሲበዛ ዓይን ሁሉን ቢጫ ያያል፤ ልብም ምቱን ይስታል። «ያለፈ ኪኒን ተደርቦ አይዋጥም። ቢጫ ያዩ ዕለት ብታመጧቸው ምናልባት ይደረስላቸው ነበር» አለች።

አያ ሞላ፣ ያላለቀውን ጋቢ ልጅዎ ለእኔ ሰጠችኝ። የመጨረሻውን ስንዝር ስዳብሰው አንዴ ይጠብቃል፣ አንዴ ይላላል። እዚያ ላይ ጣቴን ሳሳርፍ ልብዎን የነካሁ ይመስለኛል፤ እፈራና እጄን አነሣለሁ። ክሩ ነጭ ነው፣ አያ ሞላ። እርስዎ ግን ዋሽተውኝ አያውቁም፤ ቢጫ ነው ሲሉኝ ማመን ነበረብኝ። ይቅር ይበሉኝ፤ ደህና ይሁኑ።